ስልኩን የሚያነሳው ማነው? «ተዉት ይናገር» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በየስልኩ ሲዞር ከረመ። እኔ ጋ ብቻ ከአምስት ሰው ደረሰኝ። አንዱ የላከልኝ ከወልዲያ ነው፣ አንዷ ከጂዳ። ርዕሱ «ተዉት ይናገር» ይላል። ጠበቃ የቆመው ወገን ይዘው በሬዲዮ ፖለቲካ ለሚያወሩ የቶክ ሾው አቅራቢዎች ነው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተጽፏል። ቀልድ ያውቃል፣ አማርኛው ይፈስሳል። እንዲህ የተሰራጨውም ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ግን በአብዛኛው አልተስማማሁም።

ላላነበባችሁት ሐሳቡን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚለው አቅራቢው ሥልጣን የለውም፤ ሕዝቡ ያሰበውን መልሶ የሚያሳይ መስታወት ነው። ደግሞም ጋዜጠኛ ሳይሆን አዝናኝ ስለሆነ በጋዜጠኛ ሚዛን አይለካም። ካጠፋ አድማጭ ጣቢያ ይቀይራል፣ ስፖንሰር ይሸሻል፤ ከዚህ ሌላ ዳኛ አያሻውም። አሜሪካ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ሬዲዮዋን ከቁጥጥር ፈታ ለቀቀችው፣ ምንም አልሆነችም። «ተጠያቂነት» የሚሉትም ነገር የሳንሱር የዳቦ ስም ነው። መጨረሻ ላይ እኛን ያነሳል፤ የወሎ ሰው ሰምቶ የሚያሳልፍ ነው፣ በሬዲዮ ወሬ አይነዳም ይላል።

ከመስታወቱ ልጀምር። እዚህ ላይ ትንሽ ምስክርነት አለኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ስልክ ተቀባይ ነበርኩ። ጣቢያውን አልጠራውም። ሥራው ቀላል ነው። አቅራቢው ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ፣ እኔ ወዲህ እንቀመጣለን። ስልክ ይጮሃል። «ማን ልበል? ከየት ነው? ምን ሊሉ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ በመስታወቱ አሳየዋለሁ። እሱ በጣቱ ይመርጣል።

በአንድ ሰዓት ፕሮግራም ሠላሳ አርባ ሰው ይደውላል። አየር ላይ የሚገባው ስምንት ቢሆን ነው። ከስምንቱ አምስቱ ቋሚ ደዋዮች ናቸው። ስማቸውን ሳይነግሩን በድምፃቸው እናውቃቸዋለን። የቀሩ ቀን እኛው ደውለን «ዛሬ የለህም እንዴ?» የምንላቸው ነበሩ። ተቃራኒ ሐሳብ ያለውስ? እሱንም እናስገባለን፤ ሚዛናዊ ናችሁ እንድንባል። ግን ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ሁለት ተቃዋሚ ከደወለ፣ በደንብ የሚናገረውን መስመር ላይ አቆይተን የሚንተባተበውን እናስገባ ነበር። ሰውዬው «እ... እኔ ለማለት የፈለግኩት...» ሲል አቅራቢው ይስቃል። አድማጩም አብሮ ይስቃል። በደንብ የሚናገረው ሰው ሒሳቡ እስኪያልቅ ጠብቆ ይዘጋል።

መስታወት ከሆነ እንግዲህ፣ ፊቱ የሚቆመውን ሰው እየመረጠ የሚያስገባ መስታወት ነው።

ቤቱ ሆኖ የሚሰማው ሰው ይህን ሁሉ አያይም። የሚሰማው ስምንት ድምፅ ነው። ሰባቱ አንድ ዓይነት ያወራሉ። «ለካ አገር ምድሩ እንዲህ ነው የሚያስበው» ይላል። ትናንት በልቡ ይዞት የዋለውን ጥርጣሬ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ጮክ ብሎ ይናገረዋል። ከኮምቦልቻ ተነስተን ሐረጎን እስክንወጣ ሦስት ተሳፋሪ ይደግመዋል። የእኛ ጸሐፊ «አቅራቢው ያስተጋባዋል» ያለው የሕዝብ ስሜት ይሄ ነው። የገደል ማሚቶውን ሰምቶ፣ መጀመሪያ የጮኸውን ረሳው።

ሐቁን አልክድም፤ ከምንም ተነስቶ ሬዲዮ ሰው አያስቆጣም። ኑሮ የከበደው፣ የተበደለ፣ ሰሚ ያጣ ሰው መጀመሪያውኑ ከሌለ ማንም ጆሮ አይሰጥም። ይህን ጽሑፉ በትክክል ብሎታል።

«ሥልጣን የለውም» ለሚለው ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ወደሚያደንቃት አሜሪካ ልሂድ። ራሽ ሊምቦ የሚባለው አቅራቢ ከ1988 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ይሰማ ነበር። በ1994 ምርጫ ሪፐብሊካኖች ከ40 ዓመት በኋላ የተወካዮች ምክር ቤቱን ሲይዙ፣ አዲስ የተመረጡት አባላት ጠርተው የክብር አባላችን ነህ አሉት። ለመስታወት የክብር አባልነት ሲሰጥ አላየሁም። እነሱ ማን እንዳስመረጣቸው ያውቃሉ፤ ቢያንስ ማንን ማስቀየም እንደሌለባቸው ያውቃሉ።

ሩቅ ሳንሄድም ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ የነበረ ሰው ሬዲዮ ጉልበት አለው ወይ ብሎ አይጠይቅም። በዚያ ሰሞን ሬዲዮ ሰምቶ ሻንጣውን የፈታ ነበር። ሬዲዮ ሰምቶ ሻንጣውን ያሰረም ነበር። ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ።

ወደ አዝናኙ እንለፍ። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን ጸሐፊው ሳይሰማው አልቀረም። ቀልድ ከኃላፊነት አያስጥልም። እንዲያውም ያልተቀለደበት ስድብ ቶሎ ይረሳል፤ የሚያስቀው ነው ከአፍ አፍ የሚዞረው። የሩዋንዳው ሬዲዮ ጣቢያ አር ቲ ኤል ኤም በ1993 ሲከፈት ሰው የወደደው በሙዚቃውና በቀልዱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በዘር ጭፍጨፋው ጊዜ፣ እዚያው ማይክ ላይ የሚገደሉ ሰዎች ስም ይነበብ ጀመር። ከአቅራቢዎቹ አንዱ የነበረው ዦርዥ ሩጂዩ በ2000 ጥፋቱን አምኖ 12 ዓመት ተፈርዶበታል። የኛን አገር አቅራቢዎች ከእነዚያ ጋር አንድ ረድፍ ላይ ማስቀመጤ አይደለም። ስንት ሰው በሬዲዮው ብቻ ተነሳስቶ ገደለ የሚለውን ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። «አዝናኝ» የሚለው ታርጋ ውስጡ ያለውን ጭነት አይነግረንም።

ሌላም አለ። አሌክስ ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ አቅራቢ አለ። በታኅሣሥ 2012 (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ የምጠራው በፈረንጅ ነው) ሳንዲ ሁክ በሚባል ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። ጆንስ ለዓመታት ነገሩ ድራማ ነው፣ የሞተ የለም እያለ አወራ። የሟች ወላጆች በአድማጮቹ ተሰደቡ፣ ዛቻ ደረሰባቸው፣ ቤት እስከ መቀየር የደረሱ አሉ። በ2017 ጆንስ ከቀድሞ ሚስቱ ጋር ልጆች ማን ያሳድግ በሚል ሲካሰስ፣ ጠበቃው ምን ብሎ ተከራከረ? ሬዲዮ ላይ የምትሰሙት ሰውዬ ገጸ ባሕርይ ነው፣ ትወና ነው አለ። የኛው ጸሐፊ ክርክር ቃል በቃል ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ ልጁን ለቀበረ አባት ደውሎ የሚሳደበው አድማጭ ትወና መሆኑን አልተነገረውም።

አሁን ገበያው ይቀጣዋል ወደሚለው ልምጣ። ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

የአክስቴ ባል ደሴ ውስጥ እህል ይነግዳል። ጋሼ ነው የምንለው። ፖለቲካ የሚባል ነገር ከጤፍ ዋጋ አልፎ አያውቀውም። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ወገን የያዘ ፕሮግራም ላይ አቅራቢው «ከአድማጭ የደረሰን ነው» ብሎ አንዲት አጭር መልእክት አነበበ። ደሴ ውስጥ አንድ ነጋዴ ጤፍ ደብቆ ለእነ እገሌ እያሳለፈ ነው ይላል። ስም አልጠራም። «ስም አንጠራም» አለና ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ፣ በሩ አረንጓዴ የተቀባ ሱቅ አለ። ከዚያ ሳቀ። በዚያ ሰፈር ከወፍጮ ቤት ቀጥሎ ስንት አረንጓዴ በር ያለ ይመስላችኋል?

ጋሼ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣ። አየር ላይ ሲገባ እንዳይደናገር የሚለውን ጻፈ። ደወለ። «ይጠብቁ» ተባለ። ጠበቀ። ስልኩ ውስጥ ፕሮግራሙ ይሰማዋል፤ ስለሱ የሚያወሩ ደዋዮች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በመጨረሻ አቅራቢው ተሰናብቶ ሙዚቃ ተለቀቀ። በማግስቱ ጣቢያው በር ድረስ ሄደ። ጥበቃው ማኅተም ያለው ደብዳቤ አምጡ አለው። ጋሼ ማኅተም ከየት ያምጣ? መሥሪያ ቤት አይደለም፣ ሰው ነው።

ለሁለት ሳምንት ያህል ደንበኞቹ በማዶ በኩል እያለፉ ሌላ ሱቅ ሸመቱ። የሚያውቁት፣ ለልጆቹ ሠርግ ወጥ የሠሩለት ሰዎች። አንዳንዶቹ አላመኑትም ነበር። ግን «ምን አገባኝ» ብለው ራቁ።

ስለዚህ ጸሐፊው ልክ ነው። ገበያው ይቀጣል። የቀጣው ግን ጋሼን ነው። አቅራቢው በሳምንቱ አዲስ ስፖንሰር አመስግኖ ፕሮግራሙን ከፈተ።

ደግሞ የሬዲዮ ገንዘብ እዚህ አገር እንዴት እንደሚዞር ሥራው ውስጥ ያለ ያውቀዋል። ብዙው አዘጋጅ የጣቢያው ተቀጣሪ አይደለም። የአየር ሰዓት ገዝቶ፣ ራሱ ስፖንሰር ፈልጎ የሚሠራ ተባባሪ አዘጋጅ ነው። ስፖንሰሩ ዘመድ ሊሆን ይችላል፣ ወዳጅ ሊሆን ይችላል፣ አቅራቢው የሚያመሰግነው ሰው ራሱ ሊሆን ይችላል። አድማጭ ቢበዛም ቢያንስም የዚያ ሰው ገንዘብ አይቋረጥም። በ2011 ዓ.ም. የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲታገድ፣ በቢራ ስፖንሰር ይኖሩ የነበሩ ፕሮግራሞች ክፉኛ ተናጉ። ያናጋቸው አዋጅ ነው። የአድማጭ ቁጣ እንደዚያ ሲያናጋ እኔ አላየሁም።

በአሜሪካም ቢሆን ሊምቦ በ2012 አንዲት የሕግ ተማሪ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ በመናገሯ ጸያፍ ስም ሰጥቶ ሲሰድባት፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ድርጅቶች ማስታወቂያቸውን አነሱ። ይቅርታ ጠየቀ። ይህ ለጸሐፊው አንድ ነጥብ ነው፤ የስፖንሰር ጫና አንዳንዴ ይሠራል። ግን ፕሮግራሙ ቀጠለ። ያቆመው በ2021 ሲሞት ነው። ልብ በሉ፣ የተሰደበችው ልጅ በመላ አገሪቱ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ቀርባ የምትናገርበት ዕድል ነበራት። ጋሼ ያለው አንድ ስልክና አንድ ወረቀት ነው።

የ1987ቱን ጉዳይ ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። ታሪኩ ግን እዚህ ጋ ነው የሚጣፍጠው። አሜሪካ ከ1949 ጀምሮ በ1987 እስኪሻር ድረስ፣ ጣቢያዎች አከራካሪ ጉዳይ ሲያነሱ የተለያየውን ወገን እንዲያሰሙ የሚያስገድድ ደንብ ነበራት። ከዚያ ጋር የተያያዘ አንድ ሕግ ደግሞ ነበር። ሰው በስሙ ከተጠቃ ጣቢያው እንዲያውቀው ያደርጋል፣ መልስ የሚሰጥበት ጊዜም ይፈቅድለታል።

በ1964 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሬድ ላየን በምትባል ትንሽ ከተማ ቢሊ ጀምስ ሃርጊስ የሚባል ሰባኪ ፍሬድ ኩክ የተባለ ጋዜጠኛን በሬዲዮ አብጠለጠለው። ኩክ መልስ ልስጥ አለ። ጣቢያው ከፈለግህ ከፍለህ ተናገር አለው። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1969 ፍርድ ቤቱ ያለ አንድ ተቃውሞ ለመልስ መብቱ ፈረደ። ጋሼ ይህን ብነግረው «እኛስ መቼ ነው እዚያ የምንደርሰው?» ይለኝ ነበር።

ታዲያ ይህ ታሪክ ለእኔም ሙሉ በሙሉ አይመቸኝም። በ1960ዎቹ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሰዎች ያንኑ ደንብ ተቃዋሚ ጣቢያዎችን በመልስ ጥያቄ ለማዋከብ እንደተጠቀሙበት ኋላ ወጥቷል። ፓርቲ የያዘው ሚዛን ሚዛን አይሆንም። ደግሞም የቶክ ሬዲዮው ጩኸት በደንቡ መሻር ብቻ የመጣ አይደለም። ሙዚቃው ወደ ኤፍ ኤም ሲሄድ የኤ ኤም ጣቢያዎች ባዶ ቀርተው ነበር፤ ሳተላይት ደግሞ አንድን ድምፅ በርካሽ መላ አገር አዳረሰው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። «ምንም አልሆነችም» የሚለውን ግን አልቀበልም። የሳንዲ ሁክ ወላጆችን ይጠይቁልኝ። በ2022 የኮኔቲከት ዳኞች ጆንስ 965 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰኑ። ከግድያው አሥር ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ሲቀረው ነው። አሥር ዓመት።

ያ ፍርድ ግን አንድ ነገር ያሳያል። ጆንስን ተጠያቂ ያደረገው ሳንሱር አይደለም። ሚኒስትር ስልክ ደውሎ ማይኩን አላጠፋውም። ስማቸው የጠፋ ሰዎች ከስሰው ረቱት። ይህ ወደ ሳንሱሩ ክርክር ይወስደኛል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ጠንካራ ነው። ወሎ ውስጥ ተወልዶ ዝምታን የሚያመሰግን ሰው የለም። በእኛ አቆጣጠር በ1965 እና 66 ድርቁ ሕዝቡን ሲጨርስ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ይዞት ነበር። ዓለም የሰማው ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መጥቶ ቀርጾ ካሳየ በኋላ ነው። አያቶቻችን እየረገፉ ሳለ የሚጮህላቸው አልነበረም። ስለዚህ «ከዝም ያለ ሬዲዮ የሚሳሳት ሬዲዮ ይሻላል» የሚል ወሎዬ ባገኝ አልከራከረውም። አብሬው ቡና እጠጣለሁ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጁ (ቁጥር 1185/2012) በብሮድካስት ለተፈጸመ ጥፋት እስከ 3 ዓመት እስራት ይዟል። እኔ እስራቱን አልወደውም። ዛሬ የጠላኸውን አቅራቢ ያስርልሃል፣ ነገ የምትወደውን።

ፍርድ ቤትም ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ኬንያዊው የካስ ኤፍ ኤም አቅራቢ ጆሹዋ ሳንግ በሬዲዮ ግጭት ቀስቅሷል ተብሎ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ተከሶ፣ ክሱ በሚያዝያ 2016 ያለ ፍርድ ተቋርጧል። ቃልን ከድርጊት ጋር በማስረጃ ማያያዝ ከባድ ነው፣ መክበድም አለበት።

ግን ጽሑፉ ሁለት በር ብቻ ነው የሚያሳየን። ወይ ተዉት፣ ወይ ዝጉት። እኔ የማወራው ስለ ሦስተኛው በር ነው። አረንጓዴም ሊሆን ይችላል። በስምም ሆነ በምልክት የተነካ ሰው በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት፣ ሳይቋረጥ ይናገር። ያለ ማኅተም። አቅራቢው የፓርቲ አባል ከሆነ ይናገረው። የአየር ሰዓቱን ማን እንደከፈለው ይናገረው። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ወገን ይደግፍ። ወገን መያዝ ነውር አይደለም፤ እኔም ይህን ስጽፍ ወገን ይዣለሁ።

ይህ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። የመልስ መብት በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 590/2000 ላይም ሰፍሮ ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል። ወረቀቱ አለ። ስልኩን የሚያነሳ ነው የጠፋው።

የቀረው ወሎን የሚያሞካሸው ነው። ለሙገሳው እናመሰግናለን። ግን «የወሎ ሰው ሰምቶ የሚያሳልፍ ነው» የሚለው ነገር እንደ አየር ንብረት የመጣ ሲመስል ያስቀኛል። አባቱ መሐመድ፣ ልጁ ኃይለ ማርያም የሆነበት አገር ዝም ብሎ አልተገኘም። በሠርግ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ይታረዳል፤ ያ ወጪ ነው፣ ድካም ነው። ሰው ሲጣላ አበጋሮቹ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ዱዓ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ከሳሹ ይናገራል፣ ተከሳሹም ይናገራል። አንዱ ከተናገረ በኋላ ሙዚቃ አይለቀቅም። ጸሐፊው የሚያደንቀው ትዕግሥት ከዚህ የመጣ ነው። ሁለቱን የሚሰማ ስላለ ነው ሰው ሰምቶ የሚያሳልፈው። የሬዲዮው ሰዓት ያንን ቅደም ተከተል ቆርጦ ግማሹን ብቻ ያስተላልፋል፣ ከዚያ «ወሎዬ ታጋሽ ነው» ይለናል።

ለጸሐፊው ክፋት የለኝም። ደግሞ ቢጽፍ ደግሜ አነባለሁ። ስለ አቅራቢዎቹ ሲጽፍ ግን አንድም ቦታ መስመር ላይ የሚጠብቀውን ሰው አላነሳውም።

የጋሼ ወረቀት አሁንም የሱቁ መሳቢያ ውስጥ፣ ከሚዛኑ ሥር አለ። ባለፈው አውጥቶ አሳየኝ። ሦስት መስመር ናት፦ «ስሜ እገሌ ነው። ሱቄ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው። መጋዘኑንም መጥታችሁ እዩ።»